ጎረቤት ወንበር ላይ ይቀመጣል

አባቴ ከሞተ አርባ ቀን እንደሞላው የነገረኝ በየሰው ጆሮ ውስጥ የሚናገረው መዝገብ ነው። በረንዳ ላይ ቆሜ ጥርሴን እየፋቅኩ ነበር። እንደ ጨዋ ለቀስተኛ ጉሮሮውን ጠረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ወይዘሪት ትርሲት፣ የአባትዎን አርባ ምክንያት በማድረግ የአመኔታ መዝገብ ቤት የተሰማውን ሐዘን ይገልጻል። የሟች ዕዳ ወደ ስምዎ ተላልፏል። መልካም ቀን ይሁንልዎ» አለኝ።

መፋቂያዬን ከአፌ አወጣሁ። እኔ እስከማውቀው አባቴ ሞያሌ ነው። የጭነት መኪና ይጠብቃል፣ ሌላ ሚስት አለችው፣ ለእንቁጣጣሽ እንኳ ደህና ነሽ ወይ አይለኝም። እንዲህ ያለ ሰው ቶሎ አይሞትም።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አለችኝ አክስቴ ከውስጥ።

«ከመዝገቡ ጋር። አባትሽ ሞተ ይለኛል፣ እቴቴ።»

«የትኛው አባትሽ?»

«እሱን አልጠየቅኩትም።»

«ጠይቂዋ! ከሞተ እናለቅሳለን፣ ካልሞተ እንረግመዋለን። ሁለቱን ባንድ ቀን አልችልም።»

ከበረንዳው በታች ሐይቁ ጭጋጉን ተከናንቦ ተኝቷል። ውሃው ሐዋሳ ከተማ ውስጥ ከገባ በኋላ የተወለድን ልጆች መንገድ የምንለው እሱን ነው። የሰመጡት ሕንጻዎች ጣሪያቸው ብቻ ብቅ ብሏል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እዚያ ላይ ጡረታቸውን እንደሚጠብቁ ሽማግሌዎች ተሰልፈው ይቆማሉ። በዚያ ሰዓት ድምፅ ሁሉ በጥጥ የተጠቀለለ ይመስላል። መርዶም ቢሆን።

የአመኔታ ቁጥሬ በአንድ ሌሊት ከሰባት መቶ አርባ ወደ ሦስት መቶ አስራ ሁለት ወርዷል። ይህን ማንም ጮክ ብሎ አይነግርህም። የደረጃው መብራት ስወርድ ግማሹ ብቻ በራ። የጀልባው በር ከመከፈቱ በፊት ትንሽ አሰበብኝ። በየቀኑ ሰላም የምትለኝ ዳቦ ሻጭ ሰላምታዋን በትከሻዬ ላይ አሻግራ ከኋላዬ ላለው ሰው ሰጠችው። ጀልባው ላይ እንደ ልማዴ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ፤ ወንበሩ ቁጥሬን አውቆ ቀስ እያለ ከታች ይሞቀኝ ጀመር። ተነሺ ያለኝ የለም። ራሴ ተነስቼ ፀሐይ ላይ ካሉት ጋር ተቀመጥኩ። እነሱም ሳይገረሙ ተጠጋጉልኝ። ከእነሱ መሐል አንዷ ሙሽራ ነበረች፤ ቬሎዋን ወደ ላይ ሰብስባ እያላባት ወደ ሠርጓ ትሄዳለች።

እኔ የጀልባ ሞተር እጠግናለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ የተበላሸ ሞተር ፈታሁ፣ ገጠምኩ፣ ሦስት ዕቃ ተረፈኝ፣ እንደገና ፈታሁ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የአንድም ሰው አንድ ሳንቲም አልያዝኩም። ስለ ራሴ ቁጥር የሚያሳፍረኝ ነገር አልነበረም፤ ፀሐይ ላይ መቀመጡም ብቻውን አያሳስበኝም፤ ሰም አይደለሁም። ያሳሰበኝ ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ አክስቴ ዓይኗን ትታከማለች። ቀኑን ሁለት ዓመት ጠብቀናል። ሐኪሟ፣ ይህ ክረምት ካለፈ ቢላዋም አይመልሰውም ብላለች። ሆስፒታሉ የሚቀበለው ደግሞ ቁጥሩ ከስድስት መቶ በላይ የሆነ ዋስ ሲቀርብ ነው። አክስቴ ያለ እኔ ሰው የላትም። ለነገሩ እኔም ያለ እሷ የለኝም።

ያ ቀን ሐሙስ ነበር።

የመዝገብ ቤቱ አዳራሽ ኮረብታው ላይ ነው። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፣ ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ይናገራል። እዚያ የሚመጣው ሰው ያልገዛውን ገዛህ የተባለ፣ ያልወለደውን ወለድክ የተባለ ነው። የተባለውን ሰው አለመሆኑን ለማስረዳት መታወቂያውን ይዞ ይሰለፋል። ተራዬ ሲደርስ ሶፎንያስ የሚባል ልጅ ፊት ተቀመጥኩ። ከኔ ቢበልጥ በሁለት ዓመት ነው፤ ሸሚዙ በጣም የተተኮሰ።

«ስህተት አለ» አልኩት። «አባቴ አልሞተም።»

«የትኛው?» አለኝ።

«ዛሬ ሰው ሁሉ የትኛው ይለኛል! እናቴን ምን እያላችኋት ነው?»

ሊስቅ ፈልጎ ተወው። «እህቴ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፤ ይቆጠርብሻል» አለና ፊት ለፊቴ አየር ላይ የተቀረጸ ዝናብ አሳየኝ። ሰማያዊ የላስቲክ ድንኳን፣ ከዳሩ የሚንጠባጠብ ውሃ፣ ፍራሽ። ፍራሹ ላይ ጥቁር ነጠላ ያጣፉ ሴትዮ። አጠገባቸው እኔ።

«ጋሽ ላሊሞን ነው እንዴ የምትለው?» አልኩ። «እኛ ካለንበት ሁለት ቤት አልፎ ያሉ ጎረቤቴ ናቸው! ዓሣ አጥማጅ። ልጅም አልነበራቸውም።»

«አሁን አላቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ፍራሽ ላይ ነበርሽ። ሁለት መቶ አስራ ሁለት ሰው ጎንበስ ብሎ እግዜር ያጥናሽ ብሎሻል። አንዱንም ተሳስተሃል አላልሽም።»

«ለቅሶ ላይ ሰው ይታረማል እንዴ?»

«ሰው ወረቀት ላይ ይዋሻል። ችሎት ፊት ይዋሻል። ባለዕዳ ሲሞት ልጆቹ ሁሉ አናውቀውም ይላሉ። ለቅሶ ላይ ግን ማንም ቦታውን አይስትም። ስለዚህ መዝገቡ ዘመድን ከለቅሶ ያነባል። እስካሁን አልተሳሳተም።»

«ጎረቤት ነኝ አልኩህ!»

«ጎረቤት ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው።»

ልጁ እውነቱን ነበር። እኔን የሚያውቅ ሰው ስስማማ ቢሰማ አያምንም። ግን በዚያ ድንኳን ውስጥ፣ እስካሁን በገባሁበት ድንኳን ሁሉ፣ ፍራሽ ላይ የተቀመጠ ጎረቤት አላየሁም።

ከዚያ በኋላ የነገረኝ ሁለት ነገር ነው። ጋሽ ላሊሞ ውሃው ሲመጣ ቤታቸውን በብረት እግር ላይ ያቆሙት በብድር ነበር፤ አስራ አንድ ዓመት ይቀረዋል። ወራሽ ያለው ቤት አይነካም። ወራሽ የሌለው ለአበዳሪው ይመለሳል፤ ውስጡ ያለው ሰው ደግሞ ማዶ ወደሚገኘው የብቸኞች ቤት ይሄዳል። ሁለተኛው፣ እርማት የሚደረገው ሐዘንተኛዋ ራሳቸው መጥተው «አላውቃትም» ካሉ ብቻ ነው።

«ጎረቤቴ ናት ቢሉስ? እውነቱን?»

«ወይ ልጅ ነሽ ወይ ባዳ። መሐሉ ላይ የሚሞላ ቦታ የለንም።» እጁን ዘረጋ፣ በሁለቱ መዳፎቹ መሐል ያለውን አየር አሳየኝ። «እስከ ሰኞ ከመጡ ማክሰኞ ጠዋት ቁጥርሽ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ግን ባዳ ነሽ። ስትጠያየቁ ከታያችሁ እርማቱ ይሻራል።»

ወደ ቤት ስመለስ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ያንን ሐዘን አሰብኩት። ወንበር ላደርስ ነበር የገባሁት፣ ሁለት ወንበር በግራ ሁለት በቀኝ። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት የጋሽ ላሊሞ ሚስት የእትዬ ብርቄ ዘመዶች ከሆሳዕና መምጣት አልቻሉም። ፍራሹ ላይ ብቻቸውን ነበሩ። ድንኳኑ ሞልቷል፣ ሰው ሁሉ ወንበር ላይ ነው፣ እሳቸው አጠገብ ግን የአንድ ሰው ቦታ ክፍት ሆኖ ያፈጣል። የቀሚሴን ጫፍ ያዙኝ። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም፤ እንደ ገመድ ያዙኝ። ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ብዬ ነበር። የዝናቡ ድምፅ፣ የሴቶቹ ሙሾ፣ ጎንበስ የሚሉት ሰዎች እርጥብ ኮት ሽታ አንድ ላይ ተቀላቅሎ አዞረኝ፤ ስነቃ ጭናቸው ላይ ተኝቼ እጃቸው ፀጉሬ ውስጥ ነበር። ልነሳ እችል ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ትንሽ ቆየሁ። በሁለተኛውም ቀን ሄድኩ፣ በሦስተኛውም። ይህን ለሶፎንያስ አልነገርኩትም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እትዬ ብርቄ ቤት ሄድኩ። የምለውን መንገድ ላይ አዘጋጅቼዋለሁ። አጭር ነው፦ ሰኞ ይምጡና አላውቃትም ይበሉ። እሳቸው ዓሣ ጠበሱልኝ። እኔ የጋሽ ላሊሞን ጀልባ ሞተር ፈታሁ። ማንም ፍቺ አላለኝም።

«ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ።

«ምንም አልሆነም። ዝም ብዬ ነው።»

«ያልታመመውን ማከም ጀመርሽ?»

«ጋሽ ላሊሞ ዘይት አልቀየሩለትም፣ እትዬ። ነፍሳቸውን ይማርና ሰነፍ ነበሩ።»

«ይማረውና ሰነፍ ነበር» አሉ በደስታ። ሰው ሁሉ አርባ ቀን ሙሉ ደጉ፣ ታታሪው ሲላቸው ሰልችቷቸዋል መሰለኝ። ወለሉ ሥር ውሃው እንጨቱን ይልሳል። ብርሃኑ ከታች ወደ ላይ ይመጣና ጣሪያው ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ክፍሉ በሙሉ ሳይነቃነቅ የሚጓዝ ይመስላል። ከዚህ ቤት ሌላ ምንም እንደሌላቸው ያን ጊዜ አየሁ። አንድ አልጋ፣ ሁለት ድስት፣ በመስኮቱ የሚታየው ውሃ ሁሉ።

«መዝገቡ ልጅ አለዎት አለኝ» አሉ ዓሣውን እየገለበጡ። «ሐሙስ ጠዋት። ስንት ዘመን ስለት ተስዬ ያልሰጠኝን! ሳቅኩ፣ ሳቅኩ፣ ከዚያ ደግሞ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ማን ትሆን ስል አንቺ። ትንሽ ዝም የምትል ልጅ አጥተው ነው?»

«እኔ ምን አጠፋሁ?»

«አፍሽ! ላሊሞ፣ ይቺ ልጅ ከሞተሩ በላይ ትጮኻለች ይል ነበር።» ሳህኑን አቀበሉኝ። «አሁን ግን ዝም ብለሻል።»

በላሁ። አጥንቱን ለቀምኩ። ዓረፍተ ነገሬ ጉሮሮዬ ላይ ነበር፤ ከዓሣው ጋር አብሮ ወረደ።

«አክስትሽ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት። ማክሰኞ ዓይኗን ትሠራለች።»

«እሰይ! ዋሷ ማነው?»

«እኔ ነኛ።»

እትዬ ብርቄ ምጣዱን ከእሳቱ ላይ አነሱት። ያለ ዕዳ የኖረ ሰው በዚህ ከተማ የለም፤ ቁጥር እንዴት እንደሚወርድ ሁሉም ያውቃል። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ለረጅም ጊዜ ምጣድ አጠቡ። ትንሽ ምጣድ ነው።

«ሞተሩን ገጥሚውና ሂጂ፤ ሊመሽ ነው» አሉኝ በመጨረሻ። ሊመሽ አልነበረም።

ቤት ገብቼ ለአክስቴ ነገርኳት። እሷ ዓለምን በወተት ውስጥ ነው የምታየው። ጠዋት ጠዋት ሰው ሁሉ ገና ተሠርቶ ያላለቀ ይመስለኛል ትላለች፤ እንዲህ ስትል የምታዝን አትመስልም።

«ጠየቅሻቸው?»

«አልጠየቅኩም።»

«ደግ አደረግሽ።»

«ምኑ ነው ደግ? ዓይንሽ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ። አትጩኺብኝ፣ ጆሮዬ ደህና ነው» አለችና እጄን ፈልጋ ያዘችው። አንዴ ስታው፣ ጠረጴዛውን ነክታ፣ ከዚያ ነው ያገኘችው።

ሰኞ ረፋድ ላይ መዝገቡ ወደ አዳራሹ ጠራኝ። ስገባ እትዬ ብርቄ ሶፎንያስ ፊት ተቀምጠዋል። ጥቁራቸውን አውልቀዋል፤ ጸጉራቸውን ተሠርተዋል። አላዩኝም። እኔ ራቅ ብዬ እንድቆም ሶፎንያስ በእጁ አሳየኝ።

«እማማ፣ ይቺን ልጅ ያውቋታል?»

«አላውቃትም።»

«ሦስት ቀን አጠገብዎ ተቀምጣለች።»

«ለቅሶ ነበር። ማን ማን እንደተቀመጠ ልቆጥር ነው የወጣሁት?»

«ጭንዎ ላይ ተኝታለች። እጅዎ ፀጉሯ ውስጥ ነበር። ይኸው፣ ይታያል።»

ዝናቡ እንደገና በመሐላቸው ዘነበ። እትዬ ብርቄ አዩት፣ በደንብ። ዓይናቸውን ከምስሉ ላይ ሲያነሱ የሚወዱትን ነገር ለሰው ትተው እንደሚሄዱ ያስታውቅ ነበር።

«ባሌ የሞተብኝ ሴት ነኝ» አሉ። «ድመትም ብታስቀምጥልኝ እደባብስ ነበር።»

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ። ፊቴ ጋለ።

«ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅዎ። ልጅዎ ናት ወይስ ባዳ?»

«እስቲ እያት!» አሉ፣ ወደ እኔ በአገጫቸው እያመለከቱ። «ያ ፊት የኔ ነው? እንዲህ ያለች አፈኛ፣ እጇ ዘይት ብቻ የሆነች ልጅ ብወልድ አስታውስ ነበር። ባዳ ናት። ቤቴንም እንዳትወርስ ነው የመጣሁት። ጻፍ!»

አፌን ከፈትኩ። ሶፎንያስን አየሁት፤ ያንቀሳቀሰው እስከማይመስል ጭንቅላቱን በትንሹ ነቀነቀ፤ አትናገሪ ማለቱ ነው። ዝም በይ ያለኝን ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ እሱን ግን ያን ቀን ሰማሁት። እትዬ ብርቄ ተነሱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ በአጠገቤ አለፉ። የዓሣና የቅባት ሽታ ነበራቸው። እርምጃቸውን እንኳ አላዘገዩም።

የማውቀውን ነው የምነግራችሁ፦ ሁሉንም ያደረጉት ለእኔ እንደሆነ አውቃለሁ። ያም ሆኖ፣ ድመት ካሉኝ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ተናድጄባቸው ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት የደረጃው መብራት ከላይ እስከ ታች በራ። የጀልባው በር ሳያስብ ተከፈተ። ዳቦ ሻጯ ፈገግ አለችልኝ፤ ፈገግታዋን ወደ ኋላዬ አሳለፍኩት። ሆስፒታሉ ቁጥሬን አየና አክስቴን ወሰዳት። በሳምንቱ ሻሹ ሲፈታ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። ለረጅም ጊዜ አጥንታኝ፣

«እንዲህ ነበርሽ እንዴ?» አለች።

«ቅር ካለሽ ሻሹን ይመልሱልሽ።»

«አይ፣ ይሁን» አለች፤ አለቀሰችም። ከዚያ ግድግዳውን፣ መስኮቱን፣ አባ ኮዳዎቹን፣ የነርሷን ጫማ አንድ በአንድ እያየች ስማቸውን ጠራች። ሲመሽ ሁሉም ነገር ጠርዝ እንዳወጣ፣ ወተቱም ትንሽ ትንሽ እንደናፈቃት ነገረችኝ።

የእትዬ ብርቄን ቤት አበዳሪው በሠላሳኛው ቀን ወሰደው። አልጋውን ሲያወጡ በረንዳ ላይ ቆሜ አየሁ። መርዳት አልቻልኩም፤ ባዳ ሰው አልጋ አይሸከምም። የጀልባውን ሞተር ማን እንደወሰደው አላውቅም። ቢያንስ ዘይቱ አዲስ ነው።

ከዚያ ወዲያ ማዶ ለሥራ ስሻገር ሦስት ጊዜ ጀልባ ላይ አየኋቸው። ሐሙስ ሐሙስ ለገበያ ይወጣሉ። ዘንቢላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔ ጥላ ሥር። ውሃውን ያያሉ፣ ውሃውን አያለሁ። መዝገቡ ሁለታችንንም ያያል። በመሐላችን አምስት ወንበር ነው ያለው፤ ቆጥሬዋለሁ። እኔ ለማንም አንገቴን ደፍቼ የማላውቅ ሴት፣ አንዲት አሮጊት ቀና ብለው እንዳያዩኝ አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ።

በአራተኛው ሐሙስ ክረምቱ ወጥቶ ነበር። ሐይቁ በጣም ረግቶ ጀልባው በሰማይ መሐል የሚሄድ ይመስላል፤ ከላይም ደመና፣ ከታችም ደመና። ሞተሩ ደህና አይደለም፤ እሰማው ነበር፤ ግን ማንም አልጠየቀኝም። ከጥላው ሥር ተነሳሁ። ለምን እንደሆነ አላሰብኩበትም። ሄጄ ፀሐዩ ላይ፣ ከእሳቸው አንድ ወንበር ዘልዬ ተቀመጥኩ።

እትዬ ብርቄ ዘወር አሉ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፣ ሴቶች ጀልባ ላይ የማያውቁትን ሰው እንደሚያዩት፤ ጫማዬን፣ እጄን፣ ጥፍሬ ውስጥ ያለውን ዘይት። ጆሮዬ ውስጥ መዝገቡ ትንፋሹን ሲሰበስብ ሰማሁት። ከዚያ ድምፃቸውን ለመላው ጀልባ እንዲሰማ አድርገው፣

«ልጄ፣ እንደምን ዋልሽ?» አሉ። «አይቼሽ አላውቅም መሰለኝ።»

«አላዩኝም፣ እማማ።»

«ስምሽ ማነው?»

«ትርሲት እባላለሁ።»

«ደስ የሚል ስም ነው። እኔ ብርቄ እባላለሁ።» እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ጨበጥኩት። ሸካራ ነው፣ ሞቃት ነው። ከሚገባው በላይ አልያዝኩትም፤ ከሚገባው በታችም አልለቀቅኩትም።

መዝገቡ ትንሽ አመነታ። «አዲስ ትውውቅ» አለ ቀስ ብሎ፣ ቁጥሬንም አልነካውም።

እትዬ ብርቄ ዘንቢላቸውን በመሐላችን ካለው ወንበር ላይ አንስተው እግራቸው ሥር አደረጉት።

«የማን ልጅ ነሽ ታዲያ?» አሉኝ።

«እሱን ገና እያጣሩት ነው» አልኳቸው።